ጊታር መምታት ያልቻለው ጊታር ሠሪ

በዚህ እትም የ«ታዋቂ ሰዎች» ዓምድ ተራ የእኔ ነው። እስካሁን በዚህ ዓምድ የወጡት አብዛኞቹ ነገሥታት፣ አትሌቶችና ደራሲዎች ናቸው። እኔ ይዤላችሁ የመጣሁት ግን ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። ሊዮ ፌንደር ይባላል። ስሙ አዲስ ከሆነባችሁ፣ የሙዚቃ ክሊፕ ስታዩ የጊታሩን ራስ፣ ክሩ የሚወጠርበትን ቦታ ማለቴ ነው፣ ልብ ብላችሁ እዩ። ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ የተጻፈው የሱ ስም ነው።

ይህን ሰው የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ በሚኒ ሚዲያ ክበብ ውስጥ ግጥም አላነብም፣ ዘፈንም አልዘፍንም። የኔ ሥራ ሞንታርቦውን ማብራት፣ የማይኩን ገመድ መዘርጋትና ሲጮህ መቀነስ ነው። ሰልፍ ላይ ስሜ ተጠርቶ አያውቅም። ሊዮ ፌንደርም ዕድሜውን ሙሉ ከመድረክ ጀርባ የነበረ ሰው ነው። የዓለም ትልልቅ ጊታሪስቶች የተጫወቱበትን ጊታር ሠርቶ፣ እሱ ግን በጊታር አንድ ዘፈን እንኳ መጫወት ሳይችል ሞተ። መቃኘትም አይችልም ነበር። መጀመሪያ ሳነበው አላመንኩም፤ ግን እውነት ነው።

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት አንድ ቃል ልፍታላችሁ። ፒክአፕ ስል ኮንዶሚኒየማችን በር ላይ ሶፋና ፍሪጅ ጭኖ የሚቆመው መኪና እንዳይመጣባችሁ። የጊታር ፒክአፕ ከክሮቹ ሥር የምትቀመጥ፣ ከአውራ ጣት ትንሽ የምትበልጥ ዕቃ ናት። ውስጧ ማግኔት አለ። በማግኔቱ ዙሪያ ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በሺህ የሚቆጠር ዙር ተጠምጥሟል። የብረት ክር አጠገቧ ሲርገበገብ በሽቦው ውስጥ ትንሽዬ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። የብስክሌት መብራት የሚያበራው ዳይናሞም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ እዚያ ማግኔቱ ይሽከረከራል፣ እዚህ ክሩ ይርገበገባል። ከዚያ ያቺ ትንሽ ኤሌክትሪክ በገመድ ወደ አምፕሊፋየር ትሄድና በሞንታርቦ በኩል ድምፅ ሆና ትወጣለች። ፒክአፕ እንደ ማይክ አየሩን አትሰማም፤ የምትሰማው ብረትን ነው። ከላይዋ የናይለን ክር ብትወጥሩ ዝም ትላለች። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

እንግዲህ ሊዮ ፌንደር የተወለደው በአሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በአናሃይምና በፉለርተን ከተሞች አካባቢ በነበረ የብርቱካን እርሻ ላይ ነው። ቀኑ እ.ኤ.አ. ኦገስት 10 ቀን 1909 ነበር፤ በኛ ነሐሴ 4 ቀን 1901 ዓ.ም. መሆኑ ነው። አፄ ምኒልክ ገና በሕይወት ነበሩ። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ የፈረንጆቹ ናቸው፤ ሁለቱንም እየጻፍኩ እንዳላደክማችሁ ብዬ ነው። የተወለደው ቤት ውስጥ እንኳን አልነበረም፤ ጎተራ ውስጥ ነው። ወላጆቹ ገበሬዎች ነበሩ።

ስምንት ዓመት ሲሞላው ግራ ዓይኑ ላይ ዕጢ ወጣበት። ሐኪሞቹ ዓይኑን አውጥተው በምትኩ የመስታወት ዓይን አደረጉለት። ኋላ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ለውትድርና ያልተፈለገው በዚህ የተነሳ ነው። እኔ እዚህ ጋ ስደርስ ንባቤን አቆምኩ። ምክንያቱም ይህ ሰው ዕድሜውን የጨረሰው በደቃቅ ነገር ነው፦ ቀጭን ሽቦ፣ ትንንሽ ብሎን፣ ብየዳ። በአንድ ዓይን ደግሞ ርቀት መገመት ከባድ ነው። የማያምን ካለ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ይሞክር። ለኔ በአራተኛው ነው የገባልኝ።

ልጅ ሆኖ ፒያኖ ተምሯል፣ ሳክስፎንም ሞክሯል፤ ግን አልገፋበትም። ልቡን የወሰደው ሌላ ነገር ነው። ጆን ዌስት የሚባል አጎት ነበረው፤ ሳንታ ማሪያ በምትባል ከተማ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራበት ሱቅ ያለው። ሊዮ 13 ዓመት ገደማ ሲሆነው አጎቱ በሳጥን አሮጌ የኤሌክትሪክ ዕቃና ባትሪ ሞልቶ ላከለት። ለሌላ ሰው ቆሻሻ ነው፤ ለሱ ግን የገና ስጦታ ሆነ። ቀጥሎ ሱቁን ሊጎበኝ ሄደ። አጎቱ ከትርፍራፊ ዕቃ ገጣጥሞ የሠራውን ሬዲዮ ሱቁ በር ላይ አስቀምጦት ነበር። ከስፒከሩ የሚወጣው ሙዚቃ መንገዱን ሞልቶት አገኘው። መርካቶ ካሴትና ሲዲ ይሸጥ በነበረባቸው ሱቆች በር ያለፉ ወላጆቻችን ያ ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል። ልጁ ከዚያ ቀን በኋላ ሬዲዮ መፍታትና መግጠም ሥራው ሆነ፤ ገና ተማሪ ሳለ ቤት ውስጥ የሰው ሬዲዮ ይጠግን ነበር።

የሚገርመው ኮሌጅ ሲገባ ኤሌክትሪክ አልተማረም። ሒሳብ አያያዝ ነው የተማረው። የኤሌክትሪኩን ነገር በራሱ እያነበበና እየፈታ ነው የተማረው። ከዚያ በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጠረ። በዚያ ጊዜ አንድ የሙዚቃ ቡድን መሪ ለጭፈራ ምሽቶች የሚሆን የድምፅ ማጉያ እንዲሠራለት ጠየቀው፤ ስድስት ሠራለት። በኛ ቋንቋ ስድስት ሞንታርቦ ሠራ ማለት ነው! የሚኒ ሚዲያ ልጆች፣ ይሄ ሰው የኛው ወገን ነው።

በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ከባድ የኢኮኖሚ ችግር ነበር፤ ብዙ ሰው ከሥራ ይባረር ነበር። ሊዮም ሥራውን አጣ። ያኔ ባለትዳር ነው፤ በ1934 አስቴር የምትባል ሴት አግብቶ ነበር። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በ1938 600 ዶላር ተበድሮ በፉለርተን ከተማ የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ከፈተ። ሬዲዮ ይጠግናል፣ የሸክላ ማጫወቻ ይጠግናል፣ የድምፅ ማጉያ ያከራያል። ሙዚቀኞች የተበላሸባቸውን ዕቃ ይዘው ሲመጡ ታዲያ ሥራውን እየሠራ ብሶታቸውን ይሰማል።

ብሶታቸው ምን ነበር? ጊታር አይሰማም ነው። በዚያን ጊዜ አንድ ባንድ ከ10 በላይ ሰው ነው፤ ትራምፔቱ፣ ሳክስፎኑ፣ ድራሙ አንድ ላይ ሲነሱ ጊታሪስቱ ጣቱ እስኪደማ ቢመታ ከራሱ በቀር የሚሰማው የለም።

እውነቱን ለመናገር ፒክአፕን የፈጠረው ሊዮ ፌንደር አይደለም። አንዳንድ ቦታ እንደሱ ተብሎ ይጻፋል፤ ልክ አይደለም። ከሱ በፊት ጆርጅ ቦሻምፕ የሚባል ሙዚቀኛ በ1931 አካባቢ መጥበሻ የሚመስል የኤሌክትሪክ ጊታር ከነፒክአፑ ሠርቶ ነበር፤ ከአዶልፍ ሪከንባከር ጋር ሆነው ለገበያ አወጡት። ደግሞ ሃሪ ዲአርመንድ የሚባል ሰው በዚያው በ1930ዎቹ ማንኛውም ሰው በራሱ የእንጨት ጊታር ላይ ሊያስራት የሚችላት ፒክአፕ አወጣ። የዲአርመንድን ነገር ወድጄዋለሁ። ጊታሩ አይቆረጥም፣ አይበሳም። ፒክአፗ በዘንግ ተይዛ ከክሮቹ ሥር ትንሳፈፋለች፤ ሳትፈልግ ትነቅላታለህ፣ ጊታሩም እንደነበረ ይሆናል።

ነገር ግን ሆዱ ባዶ የሆነ ጊታር ላይ ፒክአፕ ሲገባ ሌላ ጣጣ መጣ። ድምፁ ከፍ ሲል ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ ተመልሶ የጊታሩን ሆድ ያንቀጠቅጠዋል፣ ሆዱ ክሩን ያንቀጠቅጣል፣ ክሩ ደግሞ በፒክአፕ በኩል ተመልሶ ወደ ስፒከሩ ይሄዳል። እንዲህ እየዞረ ሲሄድ ዊ-ዊ-ዊ የሚል ጩኸት ይወጣል። ሰኞ ሰኞ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ማይኩ ወደ ሞንታርቦው ሲጠጋ ጆሮ የምትይዙበት ጩኸት እሱ ነው። ያኔ ሁላችሁም ዞራችሁ እኔን ታያላችሁ፤ ግን ጥፋቱ ሁልጊዜ የኔ አይደለም፣ ማይክ የያዘው ሰውም ቦታውን ይጠብቅ።

ሊዮ በዚህ ጊዜ ዶክ ካውፍማን ከሚባል ሙዚቀኛና የፈጠራ ሰው ጋር ገጠመ። ሁለቱ በ1943 አዲስ ዓይነት ፒክአፕ ሠሩ፤ ክሮቹ በጥቅልሉ ሽቦ መካከል የሚያልፉባት። ፒክአፗን ለመሞከር ጊታር ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ ከድፍን እንጨት አንድ መናኛ ጊታር ቀረጹ። ሆድ የለውም፣ ጌጥ የለውም። ዓላማው ፒክአፗን ለመያዝ ብቻ ነበር፤ እንደ ጊታር እንኳ አላሰቡትም። ታዲያ ምን ሆነ? የአካባቢው ሙዚቀኞች ያን መሞከሪያ እንጨት መከራየት ጀመሩ፤ ወረፋም ያዙበት። ድፍን እንጨት ስለሆነ እንደ ሌላው አይጮህም፤ የክሩም ድምፅ ጥርት ብሎ ይወጣል።

እኔ የዚህን ሰው ሕይወት ሳነብ ትልቁ ነገር ይህ ነው ብያለሁ። እስከዚያ ድረስ ብዙ ሰው ፒክአፕን ለመሣሪያው ሲያስተካክል ነበር የኖረው። እነሱ ገልብጠው መሣሪያውን ለፒክአፕ ሠሩት።

እዚህ ላይ ስለ ክራራችን ማንሳት ግድ ነው። እንደምታውቁት ክበባችን አንድ ክራር አለው፤ በጡረታ የወጡ መምህር በስጦታ የሰጡን ነው። ባለፈው የወላጆች ቀን ከበሮውና ኪቦርዱ ሲገቡ ክራሩ ጭራሽ ጠፋ። ማይክ ስናስጠጋ ደግሞ ያው ጩኸት መጣ። አሁን በክበቡ ውስጥ ፒክአፕ ይገጠምለት የሚል ሐሳብ አለ፤ ገሚሱ ገበቴው ተበስቶ ይግባ ይላል፣ ገሚሱ አይነካ ይላል። በሚቀጥለው ስብሰባ ስለሚወሰን ከሊዮ ፌንደር ሳንወጣ ስለዚሁ ጥቂት ልበላችሁ።

እኛ ብሎክ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ማታ ማታ በባህል ምግብ ቤት ክራር የሚጫወቱ ጋሼ አሉ፤ ስማቸውን እንዳልጽፍ ነግረውኛል። የሳቸው ክራር ከአሮጌ ጊታር የተነቀለች ፒክአፕ ተገጥሞለታል። ቅዳሜ ኮሚናሉ ውስጥ ሲለማመዱ ጠጋ ብዬ አሳዩኝ አልኳቸው፤ እሳቸውም ሳይሰለቹ አሳዩኝ። የመጀመሪያው ነገር ክሩ ነው። የኛ ክራር ክር ናይለን ነው። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ይሄን ነው፤ በናይለን ክር ላይ የጊታር ፒክአፕ ብትገጥሙ ብራችሁ ባከነ። መጀመሪያ የብረት ክር ያስፈልጋል፣ የብረት ክር ደግሞ የበለጠ ስለሚወጠር ቀንበሩና ቆዳው ይችለው እንደሆነ መታየት አለበት። ናይለኑ ይቆይ ከተባለ የሚያስፈልገው ሌላ ዓይነት ነው፤ ቆዳው ላይ የምትለጠፍና የቆዳውን ንዝረት የምትሰማ፣ ሳንቲም የምታህል ዕቃ አለች። እሷ ግን እንደ ማይክ መጮኽ ትወዳለች አሉኝ።

ሁለተኛው ልኩ ነው። ጊታርም ስድስት ክር፣ ክራርም ስድስት ክር ስለሆነ በቀጥታ የሚገጥም ይመስላል። አይገጥምም። በጊታር ፒክአፕ ላይ ስድስቱ ማግኔቶች ከጫፍ እስከ ጫፍ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው ያላቸው። የክራር ክሮች ግን ከታች ተጠጋግተው ተነስተው ወደ ቀንበሩ ሲወጡ እንደ ማራገቢያ ይዘረጋሉ። ክሩ ከማግኔቱ በላይ ካላለፈና በሁለት ማግኔቶች መካከል ከወደቀ የዚያ ክር ድምፅ ይደክማል። ጋሼ ያደረጉት ቀላል ነው፦ ፒክአፗን በክሮቹ ሥር ወደ ላይና ወደ ታች እያንሸራተቱ ስድስቱም ክሮች ስድስቱ ማግኔቶች ላይ የሚያርፉበትን ቦታ ፈለጉ። ከዚያ ቆዳውን ሳይነኩ ከገበቴው ጠርዝ እስከ ጠርዝ ቀጭን እንጨት አጋድመው እሱ ላይ አሰሯት። ቆዳው ላይ ቢያስቀምጧት ክብደቷ ድምፁን ያፍነው ነበር። ከክሩ ያላት ርቀት 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። በጣም ከተጠጋች ማግኔቱ ክሩን ይስበውና ቅኝቱ ይዛባል። ደግሞ ክረምት ላይ ቆዳው እርጥበት ሲያገኝ ይላላል፣ በርኩማውም ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ በየወቅቱ እንደገና ታስተካክላላችሁ። ይህ ሁሉ ሲሆን ክራራቸው አንድ ቀዳዳ የለውም።

እንግዲህ የኔ ድምፅ የታወቀ ነው፦ ገበቴው አይበሳ። የዲአርመንድ መንገድ እያለ የስጦታ ዕቃ መብሳት ምን ይሉታል? ካልሆነልን በኋላ መብሳት ይቻላል፤ የተበሳ ግን አይመለስም።

ወደ ሊዮ ልመለስ። ከካውፍማን ጋር አብረው ድርጅት አቋቁመው ጭን ላይ ተደርጎ የሚመታ ጊታርና አምፕሊፋየር ይሸጡ ጀመር። ሊዮ ማታ ማታ እስከ እኩለ ሌሊት ይሠራል። ሥራውን ማስፋት ይፈልጋል፤ ማስፋት ደግሞ ብድር ይፈልጋል። ካውፍማን ዕዳ ፈራና በ1946 ተሰናበተ። እኔ በካውፍማን አልፈርድም፤ ሰው ዕዳ ቢፈራ ተገቢ ነው። ጓደኝነታቸውም አልተቋረጠም። ሊዮ ግን ብቻውን ቀጠለ፤ ድርጅቱንም በራሱ ስም ጠራው።

በ1950 ድፍን እንጨት ያለውን ጊታር ለገበያ አወጣ። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ጊታር የሚሠሩት ለረጅም ጊዜ በሠለጠኑ የእንጨት ባለሙያዎች ነው፤ አንገቱ ከሆዱ ጋር በሙጫ ይጣበቃል፣ ከተሰበረ ጥገናው ፈተና ነው። ሊዮ ግን ጠጋኝ ነው። አንገቱን በአራት ብሎን አሰረው፤ ከተበላሸ ፈትቶ ሌላ መግጠም ነው። ፒክአፗን ክሩ ከሚያርፍበት ብረት ውስጥ ሰቀላት፣ በብሎን ከፍና ዝቅ እንድትል አደረገ። ቀጥ አድርጎም አላስቀመጣትም፤ አጋደማት። በወፍራሞቹ ክሮች በኩል ከክሩ ጫፍ ራቅ ስትል ድምፁ ይሞላል፣ በቀጭኖቹ በኩል ስትጠጋ ይጠራል። ጊታሩን ያዩ አንዳንድ ሰዎች ሳቁበት፤ ጣውላ ነው አሉት። እውነትም ጣውላ ይመስላል።

ስሙ ራሱ ችግር አመጣበት። መጀመሪያ ብሮድካስተር ብሎት ነበር፤ ግሬች የሚባል ድርጅት ይህ ስም የኛ ከበሮ ስም ነው አለ። ሊዮ ሳይከራከር ከስም ማተሚያዎቹ ላይ ያቺን ቃል በመቀስ እየቆረጠ ጊታሮቹን ያለ ስም ሸጠ። ዛሬ እነዚያ ስም አልባ ጊታሮች ለሰብሳቢዎች እንደ ወርቅ ናቸው። በ1951 አዲሱ ስም ቴሌካስተር ሆነ፤ ቴሌቪዥን አዲስ ነገር የነበረበት ጊዜ ነው። የመጀመሪያዎቹ ጊታሮች አንገት ውስጥ ብረት ስላልነበረ ይጣመሙ ነበር። ቅሬታ ሲመጣ ብረት ጨመረበት።

በዚያው ዓመት ቤዝ ጊታርን አወጣ። ያኔ ቤዝ የሚባለው ሰው የሚያህል፣ ቆመው የሚጫወቱት ትልቅ መሣሪያ ነበር፤ መኪና ላይ ለመጫን እንኳ ጣጣ ነው። ሊዮ እንደ ጊታር አንገት ላይ የሚንጠለጠል አደረገው። ዛሬ ቤዝ ጊታር የሌለበት ባንድ ፈልጉ እስቲ።

ከሁሉ የታወቀው ግን በ1954 የወጣው ስትራቶካስተር ነው። በዚህ ላይ ስለ ሊዮ ጠባይ ብዙ ይታያል። እሱ መጫወት ስለማይችል ለሚችሉት ይሰጣል። የሠራውን ይዞ ሙዚቀኞች ወደሚጫወቱበት ቦታ ይሄዳል፣ ወይም ወርክሾፑ ይጠራቸዋል፤ ከዚያ ጥጉ ላይ ሆኖ ያዳምጣል። ቢል ካርሰን የሚባል ጊታሪስት የቴሌካስተሩ ጠርዝ ጎኔን ይወጋኛል ዓይነት ቅሬታ ካቀረቡት አንዱ ነው፤ አዲሱ ጊታር ጠርዙ እንደ ሰው ጎን ተጠርቦ ወጣ። ሦስት ፒክአፕ ተደረገለት። ፍሬዲ ታቫሬስ የሚባል ሙዚቀኛም በንድፉ አብሮት ሠርቷል። የፒክአፖቹ ማግኔቶች ቁመታቸው እኩል አይደለም፤ አንዱ ክር ጎላ ብሎ ሌላው ስለሚደክም የደከመው ላይ ማግኔቱ ከፍ ተደረገ፣ የጎላው ላይ ዝቅ አለ። ስድስቱ ክሮች እኩል እንዲሰሙ ነው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ሹክ ልበላችሁ። በኛ ክበብ ስለ ክራሩ ሁሉም አስተያየት ሰጥቷል፤ እኔም ይኸው ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። ክራሩን የምትደረድረውን ልጅ ግን እስካሁን የጠየቃት የለም። ክንዷ የሚያርፈው የት ነው? የብረት ክር ጣቷን ያማታል ወይ? ሊዮ ቢሆን መጀመሪያ የሚጠይቀው እሷን ነበር።

ፋብሪካው ሲያድግ ሽቦ የሚጠመጥሙት በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። ከነሱ አንዷ አቢጋኤል ኢባራ ትባላለች፤ በ1956 ተቀጠረች። ማሽኑ ይሽከረከራል፣ እሷ ቀጭኑን ሽቦ በጣቷ እየመራች ታስጠመጥማለች፤ ለአንዲት ፒክአፕ 8,000 ዙር ገደማ። በጣት ስለሚመራ አንዱ ከሌላው ትንሽ ይለያል። ኋላ ላይ ጊታሪስቶች እሷ የጠመጠመችውን ፒክአፕ እየፈለጉ መግዛት ጀመሩ። ስሟ ከመድረክ ጀርባ ያልቀረ አንዲት ሴት በማግኘቴ ደስ ብሎኛል።

ሁሉም ነገር ግን አልተሳካለትም። በ1958 ለጃዝ ተጫዋቾች ብሎ ጃዝማስተር የሚባል ጊታር አወጣ። የጃዝ ሰዎች አልወደዱትም፤ በባሕር ዳርቻ ሙዚቃ የሚጫወቱ ወጣቶች ወሰዱት።

ከ1955 ጀምሮ ደግሞ ሕመም ያዘው። ለዓመታት የማይለቅ ኢንፌክሽን ነበር። ምንም መድኃኒት አልረዳው ሲል መሞቴ ነው ብሎ አሰበና በጃንዋሪ 1965 ድርጅቱን ሲቢኤስ ለሚባለው ትልቅ የቴሌቪዥን ድርጅት በ13 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው። በ600 ዶላር ብድር የጀመረ ሰው ነው። ከሽያጩ በኋላ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄደ፤ ሐኪሙ በብዙ መጠን አንቲባዮቲክ ሰጠውና ዳነ! እኔ ብሆን በንዴት እሞት ነበር። ስሙ የተጻፈበት ፋብሪካ የሰው ሆኗል፤ በውሉ መሠረትም ለ10 ዓመት ከነሱ ጋር የሚወዳደር ዕቃ መሥራት አይችልም።

ሽጦ በወጣ በጥቂት ዓመት ውስጥ የሠራው ጊታር በዓለም ሁሉ ታወቀ። ጂሚ ሄንድሪክስ በ1969 ዉድስቶክ በተባለው ትልቅ የሙዚቃ ዝግጅት ላይ የተጫወተው በስትራቶካስተር ነው። ሄንድሪክስ ግራኝ ነበር፤ የቀኝ እጅ ጊታር ገልብጦ፣ ክሮቹን እንደገና ወጥሮ ነው የሚጫወተው። ቅድም ያልኳችሁ ማግኔቶች ታዲያ ተገለበጡ፤ ለወፍራሙ ክር የታሰበው ማግኔት በቀጭኑ ሥር ዋለ፣ የተጋደመችውም ፒክአፕ በተቃራኒው ተጋደመች። ሊዮ እኩል ይሁን ብሎ የለካው ሁሉ ተዛባ ማለት ነው። ግን የሱ ድምፅ አንዱ ምሥጢር ይኸው ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። በኛም አገር የኤሌክትሪክ ጊታር በ1960ዎቹ ባንዶች ውስጥ ገብቶ የራሱን መንገድ ያዘ። ትዝታንና አንቺ ሆዬን በጊታር እንዴት እንደሚያምሩ መስማት የሚፈልግ የሮሃ ባንዱን ጊታሪስት ሰላም ስዩምን ያዳምጥ።

ሊዮ ሀብታም ሆኖ ቤቱ አልተቀመጠም። አሥሩ ዓመት ሲያልቅ ሚውዚክ ማን በሚባል ድርጅት በኩል ተመለሰ። ባለቤቱ አስቴር በ1979 ሞተችበት። በ1980 አካባቢ ከቀድሞ የሥራ ጓደኛው ከጆርጅ ፉለርተን ጋር ጂ ኤንድ ኤል የሚባል ድርጅት ጀመረ፤ ስሙ ጆርጅና ሊዮ ለማለት ነው። ፋብሪካው የነበረበት መንገድ ፌንደር ጎዳና ይባላል። ያኔ 70 ዓመቱ ነበር። አሁንም ሥራው ያው ፒክአፕ ነው፤ የማግኔቱን ቁመት እያንዳንዱን በብሎን ማስተካከል የሚቻልበትን አሠራር ይሞክር ነበር።

በመጨረሻ የፓርኪንሰን ሕመም ያዘው፤ እጅ የሚያንቀጠቅጥ በሽታ ነው። ለሱ ዓይነት ሰው ከዚህ የከፋ ምን አለ? ቢሆንም ወርክሾፑ መሄድ አልተወም። ማርች 21 ቀን 1991 ሞተ፤ በኛ መጋቢት 12 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው። ከመሞቱ አንድ ቀን በፊት ሥራ ላይ ነበር ይባላል። የድርጅቱ ሰዎች የሥራ ክፍሉን አልበተኑትም። ጠረጴዛው፣ መሣሪያዎቹና የጀመራቸው ነገሮች እሱ እንደተዋቸው ለብዙ ዓመታት ተቀምጠዋል።